ደም ማቅጠኛ እየተወሰደ ደም ሲረጋ፦ ከኦፕሬሽን በኋላ ላሉ ታካሚዎችና አስታማሚዎች

«መርፌውን በየቀኑ እየተወጋ እንዴት እግሩ ላይ ደም ረጋ?» በቀዶ ጥገና ክፍል የምንሠራ ሰዎች ይህን ከአስታማሚዎች ደጋግመን እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዴ መጠኑ አንሶ ነው። አንዳንዴ መድኃኒቱ ተቋርጦ ወይም ሲጀመር ተቻኩሎ ነው። አንዳንዴ ለታካሚው የማይሆን ዓይነት ታዝዞ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ደሙን ያረጋው ራሱ ማቅጠኛው ሆኖ ይገኛል። ይህን የመጨረሻውን ቤተሰብ አያውቀውም፣ ባለሙያም ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተነዋል።

እዚህ ያሉትን መጠኖች የጻፍነው ወረቀታችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያይታችሁ ልዩነት ካያችሁ ሐኪማችሁን እንድትጠይቁ ነው። በራሳችሁ መድኃኒት እንድትጨምሩ፣ እንድትቀንሱ ወይም እንድታቆሙ አይደለም።

ኦፕሬሽን ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያመጣል። የእግርን ደም ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ስለሆነ፣ ታካሚው ሲተኛ ደሙም ይተኛል። ቢላው የነካው አካባቢ የደም ሥር ግድግዳ ይጎዳል። ሰውነት ደግሞ መድማቱን ለማስቆም ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ያበዛል፤ ይህ መብዛት ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ለሳምንታት ይቀጥላል። ሦስቱ ምክንያቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጀርመናዊ ሐኪም በሩዶልፍ ፊርኾ ስም ይጠራሉ። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ፣ የዳሌ ስብራት፣ የሆድና የማኅፀን ካንሰር ቀዶ ጥገና ከሌሎቹ ይልቅ ያሰጋሉ። «ክሩ ወጣ፣ ዳነ» የሚባልበት ቀንና የመርጋት ስጋቱ የሚያልፍበት ቀን አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ መርጋቱ የሚታየው ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ማቅጠኛዎቹ አዲስ መርጋት እንዳይፈጠርና ያለው እንዳያድግ ያደርጋሉ። የረጋውን የሚያሟማው ሰውነት ራሱ ነው፤ ይህም ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን «እብጠቱ አልጎደለም፣ መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት ያስቸኩላል።

መጠንና አወጋግ

ለመከላከያ የሚሰጠውና ለሕክምና የሚሰጠው መጠን በጣም ይለያያል። ኢኖክሳፓሪን (የሄፓሪን ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው ክሌክሳን በሚለው ስሙ ያውቀዋል) ለመከላከያ ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው። ተራው ሄፓሪን ከሆነ 5,000 ዩኒት በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ደም መርጋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 70 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በዶፕለር (በደም ሥር አልትራሳውንድ) የረጋ ደም ታይቶ ታካሚው በዚያው በ40 ሚሊግራም እንደቀጠለ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቁ። የመከላከያው መጠን የተፈጠረውን መርጋት ከማደግ አያስቆምም።

ክብደት በግምት አይሞላም። ከኦፕሬሽን በፊት «60 ይሆናል» ተብሎ የተጻፈ ሰው 85 ኪሎ ሆኖ ሲገኝ የሚወስደው መድኃኒት ከሩብ በላይ አንሷል ማለት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ መድኃኒቱ በሰውነቱ ስለሚጠራቀም መጠኑ ይቀነሳል። ስለዚህ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ሳይታይ ኢኖክሳፓሪን ለሳምንታት መታዘዝ የለበትም።

ተሞልቶ የሚመጣውን የኢኖክሳፓሪን ሲሪንጅ ቤት ውስጥ ለሚወጋ አስታማሚ እንዲህ ነው። እጅ ታጥቦ፣ ታካሚው ጋደም ብሎ፣ ከእምብርቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ካለ የሆድ ጎን ላይ ቆዳው በሁለት ጣት ይቆነጠጣል። ሲሪንጁ ውስጥ የምትታየው የአየር አረፋ አትወጣም፤ እሷን ለማስወጣት ሲገፋ መድኃኒቱም አብሮ ይንጠባጠባል፣ አረፋዋ ደግሞ የመጨረሻውን ጠብታ እየገፋች እንድታስገባ ሆን ተብላ የተተወች ናት። ትእዛዙ የሲሪንጁን ከፊል ብቻ የሚል ከሆነ ግን ትርፉን ከአረፋው ጋር እንዴት እንደምታስወጡ ነርሷ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ታሠራችሁ። መርፌው ቀጥ ብሎ እስከ ሥሩ ይገባል፤ መድኃኒቱ ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ የተቆነጠጠው ቆዳ የሚለቀቀው መርፌው ከወጣ በኋላ ነው። ቦታውን አትሹት፤ ይጠቁራል። ዛሬ በቀኝ ከሆነ ነገ በግራ። ጡንቻ ውስጥ ፈጽሞ አይወጋም።

የተራው ሄፓሪን ስህተት ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ1 ሚሊ ሊትር 5,000 ዩኒት ባለው፣ በጠቅላላው 5 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ነው፤ ሙሉ ጠርሙሱ 25,000 ዩኒት ነው። ትንሽ ሲሪንጅ ሲጠፋ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ይቀዳል። እዚያ ላይ «ዩኒት» ተብሎ የተሰመረው የኢንሱሊን መለኪያ እንጂ የሄፓሪን አይደለም። መቶ ዩኒት በሚለው መስመር የተሞላ ባለ 1 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከዚህ ጠርሙስ 5,000 የሄፓሪን ዩኒት ይይዛል። ሃምሳው ላይ የቆመ ሰው ግማሹን ነው የሰጠው። ጠርሙሱ ሌላ ጥንካሬ ያለው ከሆነ ስሌቱ በሙሉ ይቀየራልና ጽሑፉን ሳያነቡ መቅዳት አይገባም።

ተራው ሄፓሪን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ አንድ ዙር ሲዘለል ታካሚው ለሰዓታት ያለ መከላከያ ይቀራል። የሚዘለለው ደግሞ ባብዛኛው የሌሊቱ ነው። ከወገብ በሚሰጥ ማደንዘዣ ምክንያት መርፌው ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። የመከላከያ መጠን ኢኖክሳፓሪን ከተሰጠ ወገብ ለመወጋትም ሆነ የኤፒዱራል ቱቦ (ማደንዘዣ በወገብ የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ) ለማውጣት ቢያንስ 12 ሰዓት ይጠበቃል፣ ቱቦው ከወጣ በኋላም ቀጣዩ መርፌ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ይዘገያል፤ አለበለዚያ በኅብለ ሰረሰር አካባቢ ሊደማ ይችላል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቻርት ላይ «ለጊዜው ይቁም» ተብሎ የተጻፈ መድኃኒት መቼ እንደሚቀጥል አብሮ ካልተጻፈ ቆሞ ይቀራል። አስታማሚ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «መቼ ነው የሚቀጥለው? በስንት ሰዓት?»

ሄፓሪን ራሱ ደም ሲያረጋ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፕላትሌቶች ስንቆረጥ ተጣብቀው ደሙን የሚያቆሙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው። ከእነሱ የሚወጣ ፒኤፍ 4 የተባለ ፕሮቲን አለ፣ ሄፓሪን ከእሱ ጋር ይጣበቃል። በአንዳንድ ሰው የሰውነት መከላከያ ይህን ጥምረት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። ያ ፀረ እንግዳ አካል ፕላትሌቶቹን ይቀሰቅሳቸዋል፤ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ በደም መልስም በደም ቅዳም ውስጥ መርጋት ይጀምራል። ተጣብቀው ስለሚያልቁ ቁጥራቸው ይወርዳል። ባለሙያዎች በአጭሩ «ሂት» ይሉታል።

የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የፕላትሌት ቁጥር ሲወርድ ሁላችንም የምንፈራው መድማትን ነው። ሂት ላይ ግን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ታካሚው የሚጎዳው በመርጋት ነው፦ እግር ያብጣል፣ ሳንባ ላይ ይደርሳል፣ አልፎም የእጅ ወይም የእግር ደም ቅዳ ይዘጋል፣ ስትሮክም ያመጣል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በጣም አይወርድም። ከ20,000 በታች መሆኑ ብርቅ ነው፤ ብዙው ከ50,000 እስከ 80,000 አካባቢ ነው የሚገኘው።

ከኦፕሬሽን በኋላ ተራውን ሄፓሪን ለብዙ ቀን ከሚወስዱ 100 ሰዎች ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ላይ ሊከሰት ይችላል። በኢኖክሳፓሪን ከ100 ከአንድ በታች ነው። በሴቶች ላይ ከወንዶች፣ በቀዶ ጥገና ታካሚዎች ላይ ለሌላ ሕመም ከተኙት ይልቅ ይበዛል። መጠኑ ትንሽ መሆኑ አያድንም፤ በደም ሥር የገባችው ቱቦ እንዳትዘጋ የምትታጠብባት ሄፓሪን እንኳ ልታስነሳው ትችላለች።

ዋናው መለያ ቀኑ ነው። ሄፓሪን የተጀመረበትን ቀን ዜሮ ብላችሁ ቁጠሩ። ሂት የሚታየው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ሄፓሪን ወስዶ የነበረ ሰው ከሆነ ግን ፀረ እንግዳው አካል ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ በአንድ ቀን ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ሄፓሪኑ ከቆመ በኋላም ዘግይቶ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ በሁለተኛው ሳምንት እግሩ አብጦ ይመለሳል። ድንገተኛ ክፍል የሚቀበለው ባለሙያ የቅርቡን ኦፕሬሽንና ሄፓሪኑን ካላወቀ የሚያደርገው ለማንኛውም የእግር መርጋት የሚደረገውን ነው፦ ሄፓሪን መልሶ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ከኦፕሬሽን በኋላ ድንገተኛ ክፍል የሄደ ሰው አስታማሚ ቀድሞ ሊናገረው የሚገባው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሄፓሪን ተሰጥቶታል» የሚለውን ነው።

ቁጥሩን ስታነቡ ከመደበኛው ወሰን ጋር ብቻ አታስተያዩት። የላቦራቶሪው ወረቀት ከ150,000 በላይ ጤነኛ ነው ይላል። ነገር ግን 340,000 የነበረ ሰው 155,000 ሲሆን በወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይደረግበትም፤ ከግማሽ በላይ ግን ወርዷል። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ከማንኛውም ትልቅ ኦፕሬሽን በኋላ ፕላትሌት በመጀመሪያዎቹ 3 እና 4 ቀናት ይወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ከፊተኛውም ከፍ ይላል። ይህ የተለመደ ነው። የሚያስፈራው ከፍ ማለት ከጀመረ በኋላ እንደገና ሲወርድ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ከኦፕሬሽን በፊት ከነበረው ጋር ብቻ ሳይሆን ከኦፕሬሽን በኋላ ከታየው ከፍተኛ ቁጥር ጋር ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ቁጥሮቹ መኖር አለባቸው፦ ከኦፕሬሽን በኋላ ተራ ሄፓሪን ለሚወስድ ሰው ሲቢሲ (ፕላትሌትን ጨምሮ የደም ክፍሎችን የሚቆጥረው ምርመራ) ከ4ኛው ቀን እስከ 14ኛው ቀን ቢያንስ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይሠራል፤ ሄፓሪኑ ቀድሞ ከቆመ እዚያው ያበቃል። ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አንድ ላይ አስሯቸው። ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ሲዛወሩ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው።

የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው በሌለበት ቦታ ሐኪሞች አራት ነገር አይተው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2። ፕላትሌቱ ከግማሽ በላይ ከወረደ 2፣ ከ30 እስከ 50 በመቶ ከሆነ 1። ቀኑ ከ5 እስከ 10 ከሆነ 2። አዲስ መርጋት ወይም መርፌው በተወጋበት ቦታ የቆዳ መሞት ካለ 2። ለመውረዱ ሌላ ምክንያት ከሌለ 2። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሂት የመሆን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው፤ 4 እና 5 አጠራጣሪ፤ 6 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ። አራተኛው ነጥብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከኦፕሬሽን በኋላ ኢንፌክሽንና አንቲባዮቲክም ፕላትሌት ያወርዳሉ። ሂት ሳይሆን ሂት ተብሎ ሄፓሪን የተከለከለ ሰውም ይጎዳል፤ ያለ በቂ ምክንያት ውድ መድኃኒት ይገዛል፣ ሊደማም ይችላል።

ጥርጣሬው ከበረታ የሚደረገው ውጤት ሳይጠበቅ ነው። ሄፓሪን የተባለ ሁሉ ይቆማል፤ የቱቦ ማጠቢያውም፣ ሄፓሪን የተቀባ ቱቦም። ወደ ኢኖክሳፓሪን መዞር መፍትሔ አይደለም፤ ፀረ እንግዳው አካል እሱንም ያውቀዋል። ማቆም ብቻም አይበቃም፤ ሄፓሪኑ ቆሞ ሌላ ማቅጠኛ ካልተተካ በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ላይ መርጋት ሊመጣ ይችላል። የሚተካው ሄፓሪን ያልሆነ ነው፦ አርጋትሮባን፣ ባይቫሊሩዲን፣ ፎንዳፓሪኑክስ፣ ታካሚው ከተረጋጋ ደግሞ እንደ ሪቫሮክሳባን ያለ ኪኒን። ዋርፋሪን የተባለው የማቅጠኛ ኪኒን በዚህ ሰዓት አይጀመርም። ፕላትሌቱ 150,000 ከመድረሱ በፊት ዋርፋሪን የተሰጠው ሰው እግሩ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል፤ ቀድሞ ተጀምሮ ከሆነም ቆሞ ቫይታሚን ኬ ይሰጣል። ታካሚው እየደማ ካልሆነ በስተቀር ፕላትሌት መስጠትም አይመከርም። ሁለቱም እግሮች ሕመም ባይኖርም በዶፕለር ይታያሉ፤ ድምፅ ሳያሰማ የተቀመጠ መርጋት ሊኖር ይችላልና። መርጋት ከተገኘ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ነው።

ዋርፋሪን ሲቸኩሉበት

ዋርፋሪን የሚያስቆመው ደም የሚያረጉትን ብቻ አይደለም፤ መርጋትን የሚከለክለውን ፕሮቲን ሲንም ያስቆማል። ፕሮቲን ሲ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ዋናው አርጊ ፕሮትሮምቢን ግን ግማሹ ለማለቅ 60 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋርፋሪን ብቻውን የሚወስድ ሰው ከነበረበት ይበልጥ ለመርጋት ይጋለጣል። አይኤንአር (ዋርፋሪን ደሙን ምን ያህል እንዳቀጠነ የሚያሳየው የደም ምርመራ) በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን 2 ሲደርስ ደግሞ ያታልላል፤ ያ ቁጥር ቶሎ የሚያልቅ የሌላ አርጊ መውረድን እንጂ እውነተኛ መከላከልን አያሳይም።

ደም ለረጋበት ሰው ደንቡ እንዲህ ነው፦ ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን ከዋርፋሪን ጋር ቢያንስ 5 ቀን አብሮ ይሰጣል፣ አይኤንአርም 2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። መርፌው ውድ ስለሆነ፣ ወይም አልጋ ስለሚፈለግ፣ በ3ኛው ቀን «አይኤንአሩ ደርሷል» ተብሎ መርፌው ሲቆም ብዙ አይተናል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊግራም ነው፤ ቶሎ እንዲደርስ ብሎ በ10 እና በ15 መጀመር ያንኑ አደጋ ያብሳል። ከ3ኛው ቀን አንሥቶ ጡት፣ ጭን ወይም መቀመጫ ላይ የሚያቃጥል ሕመም ተነሥቶ ቆዳው ከጠቆረ የዋርፋሪን የቆዳ መሞት ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል።

ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው

በቶንሲል ተጀምሮ ልብ ላይ በሚደርሰው የሩማቲክ ሕመም ምክንያት ቫልቭ ያስቀየሩ ወጣቶች ባገራችን ብዙ ናቸው። የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ዋርፋሪን የዕድሜ ልክ ነው። የአይኤንአሩ ግብ እንደ ቫልቩ ቦታና እንደ ታካሚው ሁኔታ ይለያያል፤ በአብዛኛው ለአኦርቲክ ከ2.0 እስከ 3.0፣ ለማይትራል ከ2.5 እስከ 3.5። የእናንተን ግብ ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።

«ዋርፋሪን አሮጌ ነው፣ ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ኪኒን አለ» የሚል ምክር ከዘመድም ከፋርማሲም ይመጣል። ለብረት ቫልቭ ይህ ምክር ሊገድል ይችላል። ዳቢጋትራን በብረት ቫልቭ ላይ ተሞክሮ ጥናቱ መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ተቋረጠ፤ ውጤቱ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። አፒክሳባንም ተሞክሮ በ2022 ጥናቱ ቆመ። በዚያው ዓመት የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ደግሞ ቫልቭ ባያስቀይሩም የሩማቲክ ሕመምና የተዛባ የልብ ምት ላለባቸው ሰዎች የዋርፋሪን ቤተሰብ ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል። ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው የሚለው ወሬም አለ። ለአይጥ ማጥፊያነት አገልግሏል፤ እውነት ነው። በ1954 (እ.ኤ.አ.) ለሰው ተፈቅዶ እስከ ዛሬ ሰው ያድናል። ልዩነቱ መጠኑ ነው።

ቫልቭ ሲዘጋ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከራስ ጆሮ ይጀምራል። ሌሊት ጸጥ ሲል ይሰማ የነበረው «ጭ ጭ» የሚል ድምፅ ሲደፈን ወይም ሲጠፋ፣ አዲስ ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ፣ አፍ ሲጣመም ወይም እጅ ሲዝል ለነገ የሚባል ነገር የለም። ቫልቭ ያላት ሴት የወር አበባዋ ከዘገየ በዚያው ሳምንት ሐኪሟ ጋር ትቅረብ፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ጽንሱን ይጎዳል፣ በራሷ ብታቆመው ደግሞ ቫልቩ ይዘጋል።

አይኤንአርን ከሚያወርዱት መካከል ባገራችን የሚበዙት የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ናቸው። ቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው ዋርፋሪኑ በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊጨመርለት ይችላል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ካልተመለሰ ደግሞ ይደማል። ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል በተቃራኒው ከፍ ያደርጉታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሆድ ያደማሉ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል።

ጾም የራሱ ነገር አለው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛባቸው አይኤንአርን ያወርዳሉ። ሥጋና ወተት ቀርቶ ጎመን በየቀኑ ገበታ ላይ ሲመጣ በጥሩ መጠን የነበረ ሰው ሊወርድ ይችላል፣ ለፋሲካ ጎመኑ ቀርቶ መጠጥ ሲከተል ደግሞ ይወጣል። ጎመን አትከልከሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ ልማዳችሁ በጾምም በፍስክም ሁለት ቀን ይሁን። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አይኤንአር ተሠሩ። ዋርፋሪን ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ማታ 12 ሰዓት ላይ ማድረጉ ለጿሚም ይመቻል፤ ቀን የወጣውን ውጤት አይቶ ሐኪሙ የዚያኑ ማታ መጠን ለመቀየርም ይረዳል። ሪቫሮክሳባን 15 እና 20 ሚሊግራም ግን ከምግብ ጋር ካልሆነ በደንብ አይሰርግም። በረመዳን ከኢፍጣር ጋር፣ በዓቢይ ጾም ከዋናው ማዕድ ጋር ይወሰድ።

ቤት ከገቡ በኋላ

ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ማቅጠኛው እስከ 35 ቀን ይሰጣል፤ ለጉልበት ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ለሆድና ለዳሌ አካባቢ ካንሰር 4 ሳምንት። «የ10 ቀን ግዛ» ተብሎ የወጣ ወረቀት ላይ ቀሪው አልተጻፈ ይሆናል፤ ከመውጣታችሁ በፊት የመጨረሻውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስጽፉ። ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ከታዘዘው ጊዜ በፊት ሲቆሙ ውጤታቸው በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል፤ የዋርፋሪን ግን ቀናት ይቆያል። ድድ ደማ ብሎ ማቆም ሳይሆን መደወል ነው የሚገባው። ጥቁር ዓይነ ምድር፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የማይቆም ደም ካለ ግን ቀጥታ ሆስፒታል።

እግር ሲጠረጠር በሜትር ይለካል። ከጉልበት በታች ፊት ለፊት ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ የሁለቱንም ባት ዙሪያ ለኩ፤ የአንዱ ከሌላው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ያሰጋል። ጉልበቱን የተሠራ ሰው እግር በኦፕሬሽኑም ስለሚያብጥ ለእሱ መለኪያው ከትናንት ዛሬ መጨመሩ ነው። ዲ ዳይመር የሚባለው ምርመራ ከኦፕሬሽን በኋላ ባሉት ሳምንታት ያለ መርጋትም ከፍ ስለሚል ብዙ አይጠቅምም፤ ገንዘባችሁን ለዶፕለር አውሉት። ድንገተኛ ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ራስ መሳት ከመጣ ሳንባ ላይ ደርሷል ብላችሁ ሂዱ።

ያበጠ እግር አይታሽም። ወጌሻ ጋር መውሰድ፣ በቅባት ማሸት፣ በሙቅ ፎጣ መጫን የረጋውን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። በኦፕሬሽን የወለደች እናትም አራስ ናት ተብሎ ከአልጋ እንዳትወርድ መደረጉ ያው ስጋት አለበት፤ ከወሊድ በኋላ 6 ሳምንት ያህል ደሟ ለመርጋት የቀረበ ነው። ደጅ ሳትወጣ ቤት ውስጥ መራመድ ትችላለች፣ ፈሳሽም በደንብ ትጠጣ። ሄፓሪን፣ ኢኖክሳፓሪንና ዋርፋሪን ጡት ከማጥባት አይከለክሉም፤ ሪቫሮክሳባንና መሰሎቹ ግን አይመከሩም።

ከውጭ አገር ታክመው የተመለሱ ሰዎች ሁለት ነገር ይዩ። ሕንድ ቫልቭ ያስቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው አሲትሮም በሚባለው ስሙ የሚታወቀውን አሴኖኩማሮል ይዞ ነው። የዋርፋሪን ዘመድ ቢሆንም በሚሊግራም እኩል አይደለም፤ በዋርፋሪን ሲተካ አብዛኛውን ጊዜ እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል፣ ሐኪሙ በአይኤንአር እየተከታተለ ይቀይረዋል። የአሲትሮም 2 ሚሊግራም አለቀ ተብሎ በዋርፋሪን 2 ሚሊግራም ሲተካ አይኤንአር ይወርዳል። የወረቀቱ «8 ሰዓት»ም በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ዘመድ የላከው ኪኒን ነው። ዋርፋሪንን በቀለም የለመደ ሰው ይሳሳታል፦ አሜሪካ ውስጥ ሮዙ 1 ሚሊግራም ነው፣ እንግሊዝ አገር ሮዙ 5 ሚሊግራም ነው። ከአሜሪካ በሚመጣው ሮዝ ኪኒን አምስት አምስት ሲወስድ የኖረ ሰው ከለንደን የመጣለትን ሮዝ እንደዚያው ቢውጥ በአንድ ማታ 25 ሚሊግራም ወሰደ ማለት ነው፤ የለንደኑን አንድ ሮዝ የለመደ ደግሞ የአሜሪካውን አንድ ሮዝ ሲተካ የመድኃኒቱን አንድ አምስተኛ ብቻ ይወስዳል፣ ቫልቩም ያለ መከላከያ ይቀራል። ኪኒኑ ተፈልቅቆ በላስቲክ ከተላከ አትውሰዱት፤ ሚሊግራሙ የሚነበበው ከነማሸጊያው ሲመጣ ነው።